ለዳሌዬ ስል

ያደግሁት «አንገቷን የደፋች ልጅ» እየተባልኩ ነው። ሙገሳ ነበር። ሪያድ መጥቼ በሰው ቤት ስድስት ዓመት ስሠራ ግን አንገቴ ብቻ ሳይሆን ወገቤም ጎበጠ። ማዳም የመታጠቢያ ቤቱ ወለል በእጅና በብሩሽ ካልተፈገፈገ ጸዳ አትልም። ተንበርክኬ ፈግፍጌ ስነሳ ቀኝ ዳሌዬ ይያዛል፤ ግድግዳ ተደግፌ ነው የምቆመው። አንድ ቀን ሳነክስ አየችኝና፣ «ከታመምሽ ወደ አገርሽ ትሄጃለሽ፤ ኸላስ፣ በቃ!» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እሷ ፊት ጥርሴን ነክሼ መራመድ ጀመርኩ።

እናቷ እዚያው ቤት ይኖራሉ። እሳቸውንም ዳሌያቸውን ያማቸዋል፤ ለእሳቸው ግን እንቅስቃሴ የምታሠራ ባለሙያ ቤት ድረስ ትመጣለች። እግር ያዥ እኔ ነኝ። በጀርባ ተኝቶ አንዱን ጉልበት ቀስ አድርጎ ወደ ደረት መሳብ፣ ሁለቱን ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ከምንጣፉ ከፍ ማድረግ። ካመመ ማቆም፣ ትንፋሽ አለመያዝ። ሁሉንም በልቤ ያዝኩት። ለአንድ ዳሌ የመጣች ባለሙያ ሁለት ዳሌ ብታድን ማን ይጎዳል?

ከሰዓት በኋላ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ፎጣ አንጥፌ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ተረከዜንና ጀርባዬን ግድግዳ አስነክቼ ስቆም ጭንቅላቴ አልደርስ አለ። አለቀስኩ። ተናደድኩም፤ በሠላሳ አራት ዓመቴ የአሮጊት ጀርባ ማን ሰጠኝ? ንዴቱ ጠቀመኝ፤ አንድም ቀን አላስታጎልኩም።

ከሁለት ወር በኋላ ማዳም ድንገት በሩን ከፈተች። በጀርባዬ ተኝቼ መቀመጫዬን አንስቻለሁ።

«ተኝተሽ ነው ደመወዝ የምትበይው?»

«እናትሽ የሚሠሩትን ነው የምሠራው።»

«እሷ ታማሚ ናት፤ አንቺ ሠራተኛ ነሽ። ያላ፣ ተነሺ፣ ወለሉ ይጠብቅሻል!» ብላ ብሩሹን እግሬ ሥር ወረወረችው።

እንደተማርኩት በጎኔ ዞሬ ቀስ ብዬ ተነሳሁ። ግድግዳ አልያዝኩም። ፊት ለፊቷ ስቆም ለካ ከእሷ እረዝማለሁ! ስድስት ዓመት ሙሉ አላወቅሁም ነበር። ፈርቻለሁ፤ ከዚህ ቤት ብወጣ የት እንደምገባ አላውቅም። ቢሆንም ዓይኔን አልሰበርኩም።

«ማዳም፣ ባለ ረጅም እጀታ መወልወያ ግዢ። አልገዛም ካልሽ የመውጫ ቪዛዬን አስመቺልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ጉልበቴ መሬት የሚነካው ለስግደት ብቻ ነው።»

ብሩሹን ጎንበስ ብላ ያነሳችው እሷ ናት።