የረዲ ቅባታም እጅ

ረዲ ክትፎ በማሽን የሚፈጩ ሰዎችን ባለ ክትፎ ቤት ብሎ አይጠራቸውም፤ ባለ ወፍጮ ናቸው ይላል። እሱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ላይ ቤት ከከፈተ ጀምሮ ሥጋውን በቢላዋ እየከተፈ ስም ያወጣ ሰው ነው። በሩ ላይ የተሰቀለውም «የረዲ እጅ ክትፎ ቤት» ይላል። ከሰውነቱ ሁሉ ተመርጦ የከዳው ያው እጅ መሆኑ ነው እንግዲህ የሚያናድደው።

ነገሩ የጀመረው በቀኝ ክርኑ ውጭኛ ጎን በትንሽ ውጋት ነበር። ዝም አለው። ዝም ሲለው ባሰበት፤ ብርጭቆ ሲያነሣ እጁ ይዝል ጀመር። መታመሙን ለሰው ከመንገር ቤቱን መዝጋት ይቀለዋልና ተደብቆ ወጌሻ ዘንድ ሄደ። ወጌሻው ክርኑን እንደ ሊጥ አሸው። በማግስቱ ረዲ ቢላዋውን ከመክተፊያው ላይ ማንሣት አቃተው።

ሚስቱ ወለቴ በደህና እጁ ጎትታ ሆስፒታል ወሰደችው። ፊዚዮቴራፒስቷ ኢቢሴ የታመመውን ቦታ በአውራ ጣቷ ጫን ብታደርገው፣ ጩኸቱ ውጭ ተራ የሚጠብቁትን አስደነገጠ።

«የቴኒስ ክርን ነው፣ ኦቦ ረዲ» አለች።

«ቴኒስ! እኔ ለታክሲ እንኳ ሮጬ አላውቅም!»

«ቢላዋም ያደርገዋል። የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሣው ጅማት የሚያያዘው እዚህ ክርንዎ ላይ ነው። ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይጎዳል። ከእንግዲህ አይታሽም፣ አይከትፉም።»

ከክርኑ ዝቅ ብሎ የሚታሰር ማሰሪያ ሰጠችው። ክንዱን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ፣ ውሃ የሞላ ትንሽ ጠርሙስ ይዞ፣ አንጓውን ቀስ እያለ ወደ ታች እንዲያወርድ አሳየችው። ትዕግሥት ይጠይቃል አለች።

መክተፉን ወለቴ ያዘች። ረዲን ያስጨነቀው ሕመሙ ሳይሆን ስሙ ነበር፤ ደንበኛ «የረዲ እጅ» ብሎ እየመጣ የሚስቱን እጅ እንደሚበላ ቢያውቅ ምን ይላል? ስለዚህ ወለቴ ከመጋረጃው ጀርባ ትከትፋለች፤ እሱ ማሰሪያውን በእጅጌው ሸፍኖ፣ ቀኝ እጁን እስከ አንጓው ቅቤ ነክሮ በር ላይ ይቆማል። እጁ የቆሸሸ ሰው መዳፉን አይሰጥም። ጣቶቹን አጥፎ፣ አንጓውን ወደ ታች ሰብሮ ክንዱን ይዘረጋል።

የወለጋ ሰው ደግሞ ሰላምታን አያጣድፍም። የዘወትር ደንበኛው መምህር ደረሳ የተዘረጋለትን ክንድ በሁለት እጁ ይይዝና «አካም ጂርታ? ኢጆሌን ፈያዳ?» ብሎ ደኅንነቱንና ልጆቹን ይጠይቃል። ከልጆቹ ወደ ዝናቡ፣ ከዝናቡ ወደ በቆሎው ይሄዳል፤ በየጥያቄው ክንዱን አንዴ ጎተት ያደርጋል። ረዲ በጥርሱ እየሳቀ በሆዱ ያለቅሳል።

ሳምንታት አለፉ፤ ሕመሙ ግን ፍንክች አላለም።

«ከትፈዋል» አለችው ኢቢሴ፣ ለክትትል ሆስፒታል ሲመለስ።

«ቢላዋ ነክቼ እንደሆነ ይህ እጄ ይቆረጥ!»

ነገሩ ስላልገባት ቅዳሜ ምሳዋን ልትበላ መጣች። ረዲ ከልማድ ክንዱን ዘረጋላት። አልያዘችውም። ከደረሳ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ ቆማ አይታ ነበርና።

«ኦቦ ረዲ፣ ጡጫ ጨብጠው፣ አንጓዎን ሰብረው ሲጎተቱ የሚወጠረው ያው የታመመው ጅማት ነው። ደግሞስ ካልከተፉ ቅቤው ከየት መጣ?»

የሚበሉት ሁሉ ወደ ረዲ ዞሩ። እየከተፍኩ ነው ቢል ሐኪሟ ፊት ውሸታም ነው፤ አይደለም ቢል ደንበኛው ፊት። ረዲ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ከመጋረጃው ጀርባ የወለቴ ቢላዋ ብቻ ጧ ጧ ይላል። ያን ድምፅ ሲሰማ አፈረ፤ ስሙን ተሸክማለት የከረመችው እሷ ናት። ወደ መታጠቢያው ሄደ፣ እጁን በሳሙና ታጠበ።

«የምትበሉት የወለቴ እጅ ነው» አለ።

ደረሳ የጎረሰውን ዋጠ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ማንን ነው ስናመሰግን የከረምነው? አዴ ወለቴ!»

ወለቴ ግራ እንደ ተጋባች ብቅ አለች፤ እጇ ቅባታም ነበርና ክንዷን ዘረጋች። ደረሳ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ያዘው። «አካም ጂርታ? ኢጆሌን ...»

«ልቀቃት!» ረዲ ወንበር ገፍትሮ መሃላቸው ገባ። «አፍህ ይጠይቅ፣ እጅህ ይረፍ! ሌላ ክንድ የለንም!»