የተፈወሰችው መንጋጋዬ

ጥርስ ማስነቀል እንዲህ እንደ ሕልም ያለ ነገር መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር። እውነቴን ነው!

ነገሩ የጀመረው ከጸሎት ነው። የታችኛዋ መንጋጋ ጥርሴ ስታሰቃየኝ ሰንብታ፣ የሰፈራችን እናቶች ቤታችን ተሰብስበው ጉንጬ ላይ እጃቸውን ጫኑ። እንሰት ሲፍቁ የዋሉ እጆች ናቸው፤ ሻካራ፣ ግን ሙቅ። ግማሹ በሀዲይኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ሲጸልይ ድምፁ እንደ ዝናብ ሆነብኝና እዚያው አንቀላፋሁ። ስነቃ ሕመሙ የለም።

እሁድ እማዬ በጉባኤው ፊት ቆማ መሰከረች። እማዬ ሰው ፊት መናገር የምታፍር ሴት ናት። ያን ቀን ግን "ልጄ ተፈወሰች!" ስትል ፊቷ እንዴት እንደበራ! ቀልድ የማይጠፋቸው አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ "እስቲ ቆሎ ትቆርጥምልን!" አሉ። ቆሎ መጣ። ቆረጠምኩ። ቤቱ በሃሌሉያ ተናወጠ።

በማግስቱ ሕመሙ ተመለሰ። ያንን የበራ ፊት እንዴት ላጥፋው? ግን ወተት ስጠጣ አንገቴን ወደ አንድ ጎን ሳዘነብል እማዬ አየችኝ። ነጠላዋን አነሳችና "ነይ" አለችኝና ወደ ጤና ጣቢያ መንገድ ጀመርን።

ጭጋጉ ገና ከእንሰቱ ቅጠል ላይ አልተነሳም። ከውስጡ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር እማዬ ነጠላዋን ጉንጬ ላይ ትጎትታለች። መታጠፊያው ላይ እኚያ ሽማግሌ አጥራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

"በጠዋቱ ወዴት ነው?"

"ለጉዳይ ነው አባባ።"

አለፍናቸው። "እሁድ ሕዝቡን ምን እለዋለሁ?" አለች እማዬ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጭጋጉ። "የጌታን ስም አሰደብኩ።"

ጤና ጣቢያ ጥርስ የሚነቅለው ቁስል አሻጊው ድሬሰር ነው፤ እኛ ግን ዶክተር እንለዋለን። "ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያማት?" ሲል እማዬ አንገቷን ደፍታ፣ "ድኖላት ነበር" አለች።

"ድኖላት ነው የመጣችው? በይ ክፈቺ የኔ እህት። ሰፋ! በሬ እንደሚገባበት።"

መርፌው ወጋኝ። ከዚያ ግን ከንፈሬ ከፊቴ ተነጥሎ ቀስ እያለ መንሳፈፍ ጀመረ። አፌ ሰፋ፣ ክፍሉን አከለ፣ በመስኮቱ ወጥቶ ከተማውን አከለ። ግድግዳው ላይ ሥዕሉ የተለጠፈው ወዛደር እንኳን መዶሻውን አስቀምጦ ትንሽ ያረፈ መሰለኝ። ከሩቅ፣ ከጭጋጉ ማዶ፣ አንድ ሰው እንጨት ሰበረ፤ ቋ! የተሰበረው የእኔ ነገር ነው ብዬ አላሰብኩም። መንጋጋዬ ሳህን ላይ ስትወድቅ ነው የነቃሁት።

ስንመለስ ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይ ወጥቷል። ጥጥ ነክሼ፣ መሬቱን ሳልረግጥ የምሄድ ይመስለኛል። ሽማግሌው አሁንም እዚያው ናቸው። አጥሩ ውስጥ አጎንብሰው አንድ ነገር ይፈልጋሉ። ቀና ሲሉ ከዘራ ይዘዋል።

"ይቺ ልጅ ጉንጯ ምን ሆነ?"

ለእማዬ ብዬ "ጉንፋን" ልል ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን "ኡፋ" የሚል ነገር ነው። እማዬ ነጠላውን ከጉንጬ ላይ አነሳችው።

"ጥርሷን አስነቅያት ነው አባባ።"

"ያቺን የተፈወሰችውን?"

"ያቺኑ።"

ቆመው አዩን። እማዬ እጄን አጥብቃ ያዘችኝ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ ላይ አነሱ።

"ይቺን ታያለሽ? ለፋሲካ 'ወገቤ ቀና፣ ከዘራ ጣልኩ' ብዬ መስክሬ የለ? ከዚያ ወዲህ የጉባኤ ሰው ባየሁ ቁጥር አጥር ውስጥ እወረውራታለሁ። ቅድምም እናንተን አይቼ ወርውሬያት፣ ይኸው እስካሁን ስፈልጋት!"

እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ቆየት ብላ ነጠላውንም ለቀቀችውና አጥሩን ይዛ ሳቀች። እኔም በግማሽ አፌ ሳቅሁ፤ ምራቄ አገጬ ላይ ሲወርድ እንኳን አላወቅሁትም።

"በይ እንግዲህ" አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "እሁድ እኔ ልነሳና እንደሆነው ልናገር፤ አንቺ ትከተያለሽ።"

"የለም አባባ" አለች እማዬ። "እኔ ነኝ የምቀድመው።"