ለኮምፒውተሩ የሰፋሁለት ልብስ

ካርቱም ውስጥ ጀሪፍ የሚባል ሰፈር ስንኖር ልጄ የምትማርበት ኮምፒውተር ነበረን። ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል በተነሳ ቁጥር አቧራው እንዳይገባበት ብዬ በወፍራም ጨርቅ ልብስ ሰፋሁለት። ልጄ ስትሠራም ከፊቱ ብቻ እገልጥላታለሁ እንጂ ከጀርባው አላወልቅም ነበር።

አንድ ቀን ጭራሽ አልበራ አለ። «አብርተሽ እየተውሽው አቃጠልሽው!» ብዬ ጮህኩባት። አለቀሰች።

ከነልብሱ ይዤው ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ሄድኩ። ኮምፒውተር የሚጠግነው ሱዳናዊ ሽማግሌ ከፍቶ የተቃጠለውን ፓወር ሰፕላይ፣ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ዕቃ፣ አወጣና ጨርቄን እያየ ሳቀ።

«ያ ሐጃ፣ እመቤቴ፣ ይሄ እኮ በጀርባው ነው የሚተነፍሰው። አንቺ ነሽ አፍነሽ የገደልሽው!»

አዲስ ሲገጥምለት ወዲያው በራ። ጨርቁን እዚያው ጣልኩት።

ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ። «እማዬ፣ ይቅርታ፤ ሁለተኛ አብርቼ አልተወውም» አለችኝ። እውነቱን ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ አፈርኩ። «እሺ፣ ተጠንቀቂ» ብቻ አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ትንሽ ሞቅ ካለ ትደነግጣለች፤ ጥናቷን ሳትጨርስ ታጠፋዋለች። «የኔ ጥፋት ነው ልጄ» ማለት ምን ይከብድ ነበር?