ለሁሉም አንድ ወገብ

ላስቲክ ያለው ጉርድ ቀሚስ ማንም ይሰፋዋል የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። መቱ ገበያ ዳር ስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ ነው ያረጀሁት። ሴት ልጅ ልትለካ ስትመጣ መጀመሪያ «ቁርስሽን በልተሻል?» ነው የምላት። ሆዷ ባዶ ከሆነ ልኩ ውሸት ነው። አስቀምጬ እለካታለሁ፣ አቁሜ እለካታለሁ። ላስቲኩን ከወገቧ ትንሽ አሳጥሬ እቆርጣለሁ፤ የላስቲኩን ማስገቢያ ከውስጥ በኩል ሁለት ጣት ያህል ሳልሰፋ እተወዋለሁ። ብትከሳም ብትወፍርም እናቷ እቤቷ ታስተካክልላታለች።

ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው ልጄ ላይ በደረሰው ነገር እስከ ዛሬ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ያን ዓመት ትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም በአንድ ሱቅ ብቻ ይሰፋል አለ። ሥራውን የወሰዱት ጎረቤቴ ናቸው፤ ጋሼ የምላቸው የጨርቅ ነጋዴ። «ልጆቹን ማን ይለካቸዋል?» ብላቸው፣ «ምን መለካት ያስፈልጋል? ላስቲክ እኮ ነው፣ ይለጠጣል» አሉኝ። የገዛ ልጃቸውን ወገብ ለክተው በዚያው ልክ የሁሉንም ጉርድ አሰፉ። የሳቸው ልጅ፣ ክፉ አይንካትና፣ ድብልብል ያለች ናት። የኔዋ ስንጥር የምታክል!

ጉርዱ የታደለው ሰኞ ጠዋት እዚያው ትምህርት ቤት ነው፤ ልበሱና ተሰለፉ ተባሉ። ልጄ ባንዲራ እንድትሰቅል ተመርጣ በደስታ እህል አልበላ ብሏት ሰንብታለች። የባንዲራ ገመድ ደግሞ በሁለት እጅ ነው የሚሳበው። ባንዲራው መሀል ሲደርስ ጉርዱ ከወገቧ ሸርተት አለ። ገመዱን ለቃ ጉርዷን ያዘች፤ ባንዲራው ቁልቁል ወረደ። ተማሪው ሳቀ። መምህሩ፣ የሥራውን ይስጠው፣ ባንዲራ ጣልሽ ብሎ አንበረከካት። ባንዲራውን አይቶ ልጅቷን አላየም!

እያለቀሰች መጣች። «ሁለተኛ ትምህርት ቤት አልሄድም» አለች። ጉርዱን አንጠልጥዬ ሱቁ ሄድኩ። ገበያተኛው ሞልቷል።

«ጋሼ፣ ቀበቶዎን ይፍቱ» አልኳቸው።

«አበድሽ እንዴ?»

«ይፍቱና ሁለት እጅዎን ወደ ላይ አንስተው እስከ መናኸሪያ ይሂዱ። መለካት አያስፈልግም አይደል ያሉኝ? ይሞክሩት!»

ቡናዋን ሸጣ ጨርቅ ልትገዛ ከዳሪሙ የመጣች ሴት «ዱጋ ጄቴ!» አለች፤ እውነቷን ነው ማለቷ ነው። ሰው ሳቀ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው «ታድግበታለች ብዬ እኮ ነው» አሉ። ታድግበታለች! እስክታድግ ራቁቷን ትቁም?

ከሰዓት ጉርዱን ፈትቼ በልኳ ሰፋሁት። ዝለይ አልኳት፣ ዘለለች። ሩጪ አልኳት፣ ሮጠች። ንቅንቅ አላለም። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ ትምህርት ቤት መለስኳት። ባንዲራውንም ዳግመኛ እንድትሰቅል ከርእሰ መምህሩ ጋር ተሟግቼ አስፈቀድኩ።

በቀኗ አጥሩ ጥግ ቆሜ አየኋት። ባንዲራው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ይቆማል፤ ከፍ ይላል፣ ይቆማል። በቀኝ እጇ ስባ ገመዱን በብብቷ አጣብቃ ትይዛለች፣ እንደገና ትስባለች። ግራ እጇ የጉርዷን ወገብ ጨምድዶ ይዟል።

የሰፋሁላት እኔ እናቷ ነኝ። የኔንም አላመነችውም።