በእትዬ አስካለ ላይ የሰጠሁት ምስክርነት

ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጄ ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ተቀጥራ የሥራ ውሏን ይዛልኝ መጣች። ሽሮ ሳማስል አጠገቤ ተቀምጣ ታነብልኛለች። አሠሪው የሥራ ልብስ ያቀርባል፤ ሠራተኛ ሥራ ላይ ቢጎዳ ያሳክማል፣ ይክሳል። «በእናንተ ጊዜ ይሄ ሕግ አልነበረም አይደል?» አለችኝ። ነበር። እንዲያውም መጀመሪያ የሰማሁት ከአሠሪዬ አፍ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። አገራችን ቀየት ላይ በረዶ ገብሳችንን ከመሬት ቢደባልቀው፣ ከጎረቤታችን ከእትዬ አስካለ ጋር ዓለም ከተማ ወርደን ለመንገድ ሥራ ድንጋይ የሚፈጭ ድርጅት ገባን። እሷ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆቿን ለእናቷ ትታ ነው የመጣችው። እኔን እንደ ታናሽ እህቷ ያዘችኝ፤ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ቁርበት ላይ እንተኛ ነበር። አቧራው ከጉሮሯችን አይወጣም፤ የምንበላው እንጀራ እንኳ አሸዋ አሸዋ ይለናል።

የማሽኑን ቀበቶ የሚሸፍነው ቆርቆሮ ከተነቀለ ቆይቷል። እትዬ አስካለ ቆርቆሮው እንዲመለስ፣ ለእኛም ቱታ እንዲሰጠን ኃላፊውን ደጋግማ ለመነችው። ሙሽራ ነሽ እንዴ ልብስ የምትመርጪ ብሎ ሰው አሳቀባት።

በዐቢይ ጾም አንድ ረፋድ ላይ ነፋስ ተነሣ። ቀበቶው ነጠላዋን ሳበው፤ ክንዷም ተከትሎ ገባ። የጮኸችው አንዴ ብቻ ነው። በገልባጭ መኪና፣ ጠጠር ላይ አስተኝተው ወሰዷት። ቀትር ላይ ማሽኑ ታጥቦ ተነሣ፤ እኛም አካፋችንን አነሣን።

የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሲል ኃላፊው ቢሮው አስጠራኝ። ወንበር ሰጥቶ በእርጋታ አስረዳኝ። የጽሑፍ ውል ባይኖራትም ሠራተኛችን ናት፤ ሕጉ አሳክሙ፣ ካሱ ይለናል። ሰክራ ሥራ ገብታ ከሆነ ግን ግዴታ የለብንም።

«አብራችሁ ነው የምታድሩት» አለኝ። «ጠዋት ጠጥታ እንደወጣች ትናገሪያለሽ። እምቢ ካልሽ ነገ ወደ ቀየት ትመለሻለሽ።»

ተቆጣጣሪው በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። «በጾም?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ሁለት ጊዜ አዎ አልኳቸውና ፈረምኩ። በሳምንቱ ከአካፋ አንሥተው የካምፑ ወጥ ቤት አስገቡኝ።

እትዬ አስካለ ከሆስፒታል ወጥታ ልብሷን ልትወስድ መጣች። ቀኝ እጅጌዋ ባዶውን ተንጠልጥሏል። አልተሳደበችም። ቁርበቱ ላይ ተቀምጣ፣ «ያን ቀን ውሃ እንኳ ሳንቀምስ አልነበር የወጣነው?» አለችኝ።

«አላስታውስም» አልኳት።

ጥቅልሏን በጥርሷ እየሳበች አሰረች። ላግዝሽ አላልኳትም።

ፈርቼ ነው እያልኩ ብዙ ዘመን ለራሴ ተናግሬያለሁ። ፍርሃቱስ ነበረ። ግን ወጥ ቤቱ ጥላ እንደነበረው፣ የመጀመሪያውን ቀን ደስ ብሎኝ እንደዋልኩም አልረሳሁም። ከፍርሃቱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው። ዘመሮ ገበያ ላይ አንድ ቀን በግራ እጇ በግ ስትጎትት ከሩቅ አይቻት፣ ከእህል ጆንያዎች ኋላ ተደበቅሁ።

በእትዬ አስካለ ላይ የደረሰውን ለልጄ ነገርኳት፤ አለቀሰች። በሐሰት የመሰከረችባት ማን ናት ብላ ጠየቀችኝ። አንዲት ጓደኛዋ አልኳት።

«እግዜር የሥራዋን ይስጣት» አለች።

አሜን አልኩና ሽሮውን አወረድኩ።