ያሸነፍኩበት ክርክር

ባለፈው እሁድ ቡራዩ፣ በእድራችን ስብሰባ ላይ ማይክ አስጨበጡኝ። ተጫዋች ነው ስለምባል ሰው ማንቀላፋት ሲጀምር የሚጠሩት እኔን ነው። ወደ አፌ ሳስጠጋው የስፖንጁ ሽታ፣ ያ የሌላ ሰው ምራቅና የዝገት ሽታ፣ አፍንጫዬን መታኝ። ያዘጋጀሁትን ቀልድ ሁሉ ትቼ ማይኩን መለስኩ። ምን ነካው ተባባሉ። የነካኝን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ሰበታ፣ አሥረኛ ክፍል ነበርን። ለወላጆች ቀን የሲቪክስ መምህራችን የክርክር ርዕስ አወጡ፦ ለዓለም ይበልጥ የሚያሰጋው ሽብርተኝነት ነው ወይስ የኑክሌር ጦርነት? እስከዚያ ድረስ የምንከራከረው ከገጠርና ከከተማ የቱ ይሻላል እያልን ነበር፤ ድንገት ዓለምን የማዳን ኃላፊነት ሰበታ ላይ ወደቀ። ዕጣ ሲወጣ ኑክሌር ለእኔ፣ ሽብር አንድ ዴስክ አብራኝ ለምትቀመጠው ልጅ ደረሰ።

እሷ ዝምተኛ ነበረች። እኔ ደግሞ ያኔም አፌ ከእኔ ቀድሞ ትምህርት ቤት የሚደርስ ልጅ ነበርኩ። እንለማመድ ብላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ወሰደችኝ። ከወንዙ ማዶ ካለው የአልኮል ፋብሪካ የሞላሰስ ሽታ በመስኮት ይገባል፤ እናቷ ጥግ ላይ ባለው ቡታጋዝ ሽሮ ያማስላሉ። ክርክሬን በእጄ አደምቃለሁ ስል የድስት ክዳን ከመደርደሪያው ጣልኩ። ክዳኑ ሲሚንቶው ላይ ተንቀጫቅጮ ሳያበቃ እናቷ ጠረጴዛ ስር ነበሩ፤ ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ማማሰያውን እንደያዙ።

ልጅቷም እዚያው ስር ገብታ አብራቸው ተቀመጠች። ኋላ ስትሸኘኝ ነገረችኝ። እናቷ አዲስ አበባ ውስጥ ጽዳት ይሠሩበት በነበረው ሆቴል ደጃፍ ቦምብ ፈንድቷል። ከዚያ ወዲህ ጆሯቸው ስር ካልጮኹ በቀር የሰው ንግግር አይለዩም፤ ኳ ያለ ነገር ግን ይሰማሉ።

"ለማንም እንዳትናገር" አለችኝ። "በእናትህ።"

በእናቴ ማልኩ።

የክርክሩ ዕለት ሜዳው ላይ ድንኳን ተጣለ። አሸናፊ የሚለየው በጭብጨባ ነበር። እኔ ጀመርኩ። ኑክሌር ቢወድቅ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ አንድ ቆርቆሮ እንደማይቀር፣ የጫንጮ ላሞች ያመነዠኩትን ሳይውጡ እንደሚተኑ፣ እድርተኛው ሁሉ በአንድ ቀን አልቆ ድንኳን የሚተክል እንደሚታጣ አወራሁ። ሳቁልኝ። ከዚያ እሷ ተነሳች።

"ኑክሌርን የምንፈራው ሁላችንም አንድ ላይ ነው" አለች በዚያ በቀጭን ድምጿ። "ሽብር ግን ሰውን ለብቻው ነው የሚያስፈራው። ሌላው ረስቶ ወደ ሥራው ሲሄድ፣ አንዱ ታክሲ ውስጥ የተረሳ ፌስታል አይቶ ይንቀጠቀጣል።"

ቀጥሎ የመጣው ጭብጨባ ገላን ድረስ የተሰማ መሰለኝ።

መሸነፌ ነው። የመልስ ተራዬ ሲደርስ ያንን ምራቅና ዝገት የሚሸት ማይክ ነጠቅኩ። "አንድ ቦምብ ቢፈነዳ ምን ይመጣል?" አልኩ። "ቢበዛ አንዲት እናት ክዳን በወደቀ ቁጥር ማማሰያዋን ይዛ ጠረጴዛ ስር ትገባለች።" ቁጢጥ ብዬም አሳየሁ፤ ጉልበቴን አቅፌ።

ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ቀና ስል ሁለተኛው ረድፍ ላይ እናቷን አየሁ። አዲስ ሻሽ አስረዋል። ሰው ሲስቅ አይተው እየሳቁ፣ ከሁሉም አስበልጠው ያጨበጭቡልኝ ነበር።

አሸነፍኩ። ግማሽ ደርዘን ደብተር ተሸለምኩ። እናቷ በሰው መሀል ተጋፍተው መጥተው ጉንጬን ሳሙኝ።

"ገለቶሚ፣ ተባረክ የኔ ልጅ፤ አሳቅከን" አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ምን ብሎ ነው?"

ከዚያ ወዲህ ስንት ሰርግ ላይ፣ ስንት ስብሰባ ላይ ቆሜያለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ የረዘመ ዓመት ግን አላየሁም። ልጅቷ አየችኝ። አፏን ወደ ጆሯቸው አስጠግታ፣ ጮክ ብላ፣ "ኑክሌር ይብሳል ነው ያለው፣ እማዬ" አለች።

"እውነቱን ነው" አሉ እናቷ፣ እጄን ሳይለቁ። "እኛማ ይኸው ተርፈናል።"

እስከ ሰኔ ያው ዴስክ ላይ አብረን ተቀመጥን። ላጲስ ስጠይቃት ትሰጠኛለች፤ የቤት ሥራም ታስኮርጀኛለች። ስለ ቤታቸው ግን ዳግመኛ አንዲት ቃል አልነገረችኝም። እኔም ይቅርታ ለማለት ነገ፣ ነገ እያልኩ ትምህርት ተዘጋ።