የእትዬ ሰማያዊ መዳፍ

ታላቅ እህቴ ቀኝ መዳፏ ላይ፣ ከጠቋሚ ጣቷ ሥር፣ አብሯት የተወለደ ሰማያዊ እብጠት ነበራት። ሲነኩት እንደ በሰለ በለስ ልስልስ ይላል። እጇን ስታወርድ ደም ይሞላውና ይጠዘጥዛታል፤ ከፍ ስታደርገው ይሟሽሻል። ስለዚህ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ውላ ስትመጣ፣ ሰው መሀልም ቢሆን እጇን ሰቅላ ነው የምትቀመጠው።

በደርግ ጊዜ ደግሞ እጅ ማንሳት ቀልድ አልነበረም። አንድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ «ለማሽላ አጨዳ ዘመቻ ፈቃደኛ የሆነ?» ሲሉ የእሷ እጅ ብቻ ተሰቅሎ ተገኘ። ተጨበጨበላት!

«አቦ፣ አሞኝ ነው እኮ ጓድ!» ብትል ማን ይስማት።

ዘማች ሁሉ ይመረመር ነበርና ሆስፒታል አብሬያት ሄድኩ። ከኩባ የመጣ ቀዶ ሐኪም እጇን ሲያይ ዘመቻውን ረሳው። እጇን ዝቅ አስደረጋት፣ ከፍ አስደረጋት፣ እብጠቱን በጣቱ ጫን አድርጎ ለቀቀው። ዕጢ ሳይሆን የተጠላለፉ የደም ሥሮች መሆናቸውን ቋንቋውን በምታውቅ ነርስ በኩል አስረዳን። መጀመሪያ ሥሮቹን የሚያደርቅ መድኃኒት በመርፌ ይሰጣታል፤ የተረፈውን ቆርጦ ያወጣል። አልደበቀንም፤ ወደ ጣቷ የሚሄደው ደም ከተቋረጠ ጣቷ ትሞታለች።

«ክር የምቋጥረው በእሷ ነው» አለች እትዬ። ጣቷን አጠፍ ዘርጋ አድርጋ፣ «እንዲህ እየጠዘጠዘኝም ብዙ አልቆይ። ይሞክር።»

መርፌው እሳት ነበር። መድኃኒቱ ወደ ላይ እንዳይሮጥ ክንዷን በላስቲክ አስሮ ጠብታ በጠብታ ሲሰጣት፣ «ይሄ ሰውዬ ሚጥሚጣ ነው እንዴ የሚወጋኝ?» ትላለች። ነርሷ ስታስተረጉምለት ይስቃል፤ እጁ ግን ንቅንቅ አይልም። እንደዚያ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም። እብጠቱም ከመርፌ መርፌ እየጠጠረ፣ እያነሰ ሄደ።

ከቀዶ ጥገናው ስትወጣ ከፋሻው ውጭ የሚታየው የጣቶቿ ጫፍ ብቻ ነበር። ሐኪሙ ጥፍሯን ተጭኖ ሲለቀው ደም እንዴት እንደሚመለስ አሳየኝና «ካልመጣ፣ ጥሪኝ» አለኝ፤ በአማርኛ! እሷ ተኝታ ስጫን፣ ስለቅ ቆየሁ። ከሰዓት በኋላ የጠቋሚ ጣቷ ጥፍር ነጭ እንደሆነ ቀረ። ጮህኩ። እየሮጠ መጥቶ ፋሻውን ቆርጦ አላላውና ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ከሙቀቱ የተነሳ ግንባሩን ያልበዋል፤ ዓይኑን ከጥፍሯ አልነቀለም። ሁለታችንም ስንጠብቅ፣ ቀስ እያለ፣ ከሥሩ ጀምሮ ጥፍሯ ቀላ።

አላምን ብዬ ደጋግሜ ስጫነው እትዬ ዓይኗን ገለጠች።

«አንቺ! እሱ የተወልኝን ጣት አንቺ ልትነቅዪው ነው?»

ሐኪሙ አስተርጓሚ ሳይጠብቅ ሳቀ።